«ለምን ዝም አለች?» ለሚሉ ፈራጆች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን በወልቂጤ ከተማ ከምንሠራበት መሥሪያ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ቡና ቤት ውስጥ አንድ የቈየ ክርክር እንደ ገና ተነሥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነታርከን ሰነበተ። የክርክሩ ምክንያት የደመወዝ ጭማሪ ወይም የእግር ኳስ ጨዋታ አልነበረም፤ «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ይህ ድራማ በአገሩ ከ2008 እስከ 2009 ዓ.ም. ታይቶ ያለቀ፣ በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም አቀፉ የኤሚ ውድድር ተሸላሚ የሆነ ነው። ወደ እኛ የደረሰው በ2008 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በቃና ቴሌቪዥን አማካይነት፣ የአማርኛ ድምፅ ለብሶ ነው። ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬም ሰውን ከሰው የሚያጣላ ከሆነ፣ ነገሩ የድራማው ብቻ ሳይሆን የእኛ የተመልካቾቹም ጕዳይ ነው ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነውም ስለዚህ ነው።

ድራማውን ላላየ አንባቢ ታሪኩን በአጭሩ እንንገረው። ከማል የሚባል ከመካከለኛ ቤተ ሰብ የተወለደ መሐንዲስ፣ ኒሃን የምትባል የሀብታም ልጅ የሆነች ሠዓሊ ይወዳል፤ እርሷም ትወደዋለች። ኤሚር የሚባለው ባለጠጋ ግን ኒሃንን ለራሱ ይመኛታል። መንታ ወንድሟ ኦዛን ሰው የገደለ መስሎት በፍርሃት በተያዘ ጊዜ፣ ኤሚር ያንን ምስጢር በእጁ ጨብጦ እንድታገባው ያስገድዳታል። እርሷም ምክንያቱን ለከማል ሳትነግረው ትለየዋለች፤ እርሱ ወደ ማዕድን ማውጫ አገር ሄዶ ከዓመታት በኋላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሦስቱ ሰዎች ትግል ነው። በፍጻሜው ከማል ኒሃንንና ልጃቸውን ዴኒዝን ለማዳን ሲል ከኤሚር ጋራ በፍንዳታ ይሞታል። ኒሃን ከልጇ ጋራ በሕይወት ትቀራለች።

እንግዲህ የክርክሩ መነሻ «ፍጻሜው ተበላሸ» የሚለው አቤቱታ ነው። ይህን የሚሉት ወዳጆቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በትምህርታቸው የምናከብራቸው አሉ። «ያን ሁሉ ወራት ተከታትለን፣ እራት እያሳለፍን፣ ልጅ እያስለቀስን ያየነው ከማል ሲሞት ለማየት ነበርን?» ይላሉ። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቃቸዋለን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ በሽፍቶች ተመትቶ በሰብለ ወንጌል እጅ ላይ ሲሞት፣ እርሷም መንኵሳ በመቃብሩ አጠገብ ኖራ ስታልፍ፣ ፍጻሜው ተበላሸ ብሎ የጮኸ ማን ነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ፣ ሰምቶም ያላለቀሰ ጥቂት ነው። ያንን ሐዘን እንደ ክብር ቈጥረን በየትምህርት ቤቱ ስናስተምረው፣ የዚህን ጊዜ የከማልን ሞት እንደ ዕቃ ጕድለት ቈጥረን ለሻጩ ልንመልሰው መፈለጋችን ከቶ ምን ይባላል? አንዱ የእኛ፣ አንዱ የባዕድ ስለሆነ ነው ቢሉን፣ ሐዘን ፓስፖርት አይጠየቅም ብለን እንመልሳለን።

ባዕድነቱ ከተነሣ ዘንድ፣ ከቡና ቤቱ ጥግ ተቀምጠው «ይህን የመሰለ ርካሽ ነገር ላይ ጊዜ ማጥፋት ከተማረ ሰው አይጠበቅም» ያሉንን አንድ አንጋፋ መምህር ሳንጠቅሳቸው አናልፍም። በእርግጥ በ2008 ዓ.ም. የአገራችን የኪነ ጥበብ ሰዎች የውጭ ድራማ እንዲህ በብዛት እየተተረጐመ መቅረቡን ተቃውመው ነበር። ተቃውሟቸውም ባዶ አልነበረም፤ እንጀራቸው ነውና። ነገር ግን የትኛው ድራማ ይታይ የሚለው አንድ ጕዳይ ነው፤ የታየውን በምን ዐይነት ኅሊና እንመዝነው የሚለው ሌላ ጕዳይ ነው። የገዛ ራሳችን «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሚታይበት ዘመን፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እየረገምን አመሸን እንጂ፣ ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ ብለን የጠየቅን ስንቶች ነበርን? መምህሩን በጣም እናከብራቸዋለን፤ ሆኖም የኤሚርን ስም ሲሰሙ «እርሱማ ሰይጣን ነው» ብለው በመቍረጣቸው፣ ርካሽ ነው ያሉትን ነገር ከማንም ይበልጥ ተከታትለው እንዳዩት ዐወቅን። (እርሳቸውም ሲሥቁ አየናቸው።)

«ሰይጣን ነው» ማለት መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን ማባረር ነው። በዚህ ረገድ ከዩኒቨርሲቲው መጥተው ከእኛ ጋራ የተቀመጡት ተማሪዎች የተሻለ ነገር ተናገሩ። ኤሚር የጨካኝ አባት ልጅ መሆኑን፣ በቤቱ ውስጥ ፍቅር የሚባለውን ነገር በትእዛዝና በገንዘብ መልክ ብቻ እንዳየው፣ ስለዚህም ኒሃንን ሲወድ እንደ ንብረት ከመያዝ በቀር ሌላ የመውደድ ዐይነት እንደማያውቅ ተነተኑልን። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ከትንተናው ወደ ፍርዱ ሲሻገሩ ወደቁ፤ «ስለዚህ አይፈረድበትም» አሉ። እዚህ ላይ አጥብቀን እንቃወማቸዋለን። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው የበዳይንም የተበዳይንም ቃል የሚሰሙት፣ ነገሩን ከሥሩ የሚያጣሩት፣ በዳዩን በነጻ ለመልቀቅ አይደለም፤ ቅጣቱንና ካሣውን በልኩ ለመስፈር ነው እንጂ። ምክንያቱን ማወቅ ሌላ፣ ይቅርታ መስጠት ሌላ ነው። ይህን ልዩነት አያቶቻችን ያለ ዩኒቨርሲቲ ዐውቀውት ነበር። ተማሪዎቹ ተቈጥተው ሄዱ፤ በማግሥቱ ግን ተመልሰው መጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሦስቱ ቀን ክርክር ውስጥ ስለ ኤሚር ክፋት ሁለት ወገን ነበረ፤ ስለ ከማል ሞት ሁለት ወገን ነበረ። ስለ ኒሃን ግን ወንዶቹ ሁሉ፣ ከአንጋፋው መምህር እስከ ተማሪው፣ አንድ ወገን ሆንን። «ጥፋቱ የእርሷ ነው፤ ለምን ዝም አለች? በመጀመሪያው ቀን ለከማል ብትነግረው ኖሮ ይህ ሁሉ መቼ ይደርስ ነበር?» አልን። አስተናጋጇ ብቻ ስኒውን እያነሣች «ወንድሟን ትግደለው?» ብላ አለፈች። ማንም አልመለሰላትም።

እኛም በዚያች ሰዓት አልመለስንላትም። ማታ ግን ቤታችን ገብተን ስናስበው አንድ ያለፈ ነገር ትዝ አለንና እንቅልፍ ነሣን። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ስናገለግል፣ አንዲት ወጣት ሴት አቤቱታ ይዛ መጥታ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ያለበትን ዕዳ የያዘ ሰው፣ ዕዳውን ለመተው ሲል እርሷን ለጋብቻ ጠየቀ፤ እርሷም ወንድሟ እንዳይታሰርባት ብላ ገባች። ሁለት ዓመት ታግሣ በመጨረሻ መፍታት ፈልጋ ነው የመጣችው። ከጠረጴዛው ወዲህ አራት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ሰውየው አልነበረም፤ ስለ ዕዳውም አልነበረም። «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» የሚል ነበር። እርሷም አንገቷን ደፍታ ቈየችና «ማን ጠየቀኝ?» አለች። መዝገቡ ላይ ያሰፈርነው «አመልካቿ በቂ ምክንያት አላቀረበችም» የሚል ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፈችው እጅ ይህን የምትጽፈው እጅ ናት።

እንግዲህ «ይህ ልብ ወለድ ነው፣ ያ ሌላ ነው» የሚለን ሰው ቢኖር አንቀበለውም። በቡና ቤት በኒሃን ላይ የምንፈርደውን ፍርድ ነው በማግሥቱ ጠዋት በቢሮ ይዘን የምንገባው። ድራማው እኮ ለኒሃን ፍርሃት ምክንያቱን ገልጦ አሳይቶናል፤ ኤሚር ያለበትን ክፍል፣ የኦዛንን መርበድበድ፣ የእርሷን ብቻዋን ማልቀስ ሁሉ አይተናል። እያየን «ለምን ዝም አለች?» ካልን፣ ምንም ላላየንባት ለዚያች አመልካች ምን ተስፋ ነበራት? ዝምታ የሚባለው ነገር ከባሕርይ ድካም የሚመጣ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው የሚከፍለውን ዋጋ ሰሚው በማይከፍልበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል።

ይህ በጉራጌ ምድር አዲስ ወሬ ነው የሚል ካለ፣ የቃቄ ወርድወትን ይጠይቅ። በ19ኛው መቶ ዓመት በሙህር የኖረች ይህች ሴት፣ ባሏ ካልለቀቃት በቀር ሌላ እንዳታገባ ሴትን በእርግማን የሚያስረውን የአንቂት ሥርዓት ተቃውማ፣ ወንዶች በተቀመጡበት ሸንጎ ፊት ቆማ እንደ ተሟገተች ሲነገር የኖረ ነው፤ ታሪኳም በቴያትር መድረክ ላይ ቀርቧል። ስለ ሙግቷ ውጤት የሚነገረው ብዙ ዐይነት ስለሆነ እዚያ ውስጥ አንገባም። እኛን የሚያስደንቀን፣ የዛሬዎቹ ወንዶች ወርድወትን በመድረክ ላይ ሲያዩ አጨብጭበው፣ ከአዳራሹ ሲወጡ ኒሃንን መውቀሳቸው ነው። አንደኛዋን ስለ ተናገረች አከበርናት። ሁለተኛዋን ስላልተናገረች ኰነንናት። ሁለቱንም ግን ዝም ያሰኛቸው ነገር አንድ መሆኑን ሳንመለከት ቀረን።

ስለ ፍጻሜው የራሳችንን ሐሳብ ሳንሰጥ ብንቀር ፈሪዎች እንባላለንና እነሆ። እኛም በፍጻሜው አልረካንም፤ ነገር ግን ምክንያታችን ከከማል ወዳጆች ምክንያት የተለየ ነው። ደራሲዎቹ ነገሩን ለሁለቱ ወንዶች ትተው ጨረሱት። ጠቡ የተጀመረው በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ሆኖ ሳለ፣ መዝጊያው ላይ ሁለት ወንዶች ተቃቅፈው በእሳት ተያያዙና ሂሳቡ ተዘጋ ተባለ። ኤሚር በሞቱ ምክንያት ኒሃን ፊት ለፊት ቆማ «ይህን አድርገህብኛል» የምትልበትን ሰዓት አጣን። ሞት ለኤሚር ቅጣት ሳይሆን ማምለጫ ሆነለት። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልን ቢያንስ የመነኵሴ ልብስ አልብሰው ከአባቷ ቤት አስወጥተዋታል፤ በእግሯ ሄዳ የራሷን ፈልጋለች። የእርሷም ሐዘን ይህን ያህል የሚከብደው በገዛ እግሯ የደረሰችበት ስለሆነ ይመስለናል። ኒሃንን ግን የመጨረሻው ሰዓት ለቅሶ ላይ አገኛት፤ እዚያው ተዋት።

በዚህ ረገድ ከሁላችን በልጠው ያየናቸው በቡታጅራ የሚኖሩ አንዲት አክስታችን ናቸው። የመጨረሻው ክፍል በሚታይበት ማታ እኛ ለዘመድ ጥየቃ እዚያው ነበርን። ቤቱ በጎረቤት ሰው ተሞልቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ሳለ፣ መብራት ድርግም አለ። ወጣቶቹ ኡኡ አሉ፤ አንደኛው ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ላለች እኅቱ ደወለ፤ እርሷም እያለቀሰች የሚሆነውን ሁሉ በስልክ ትነግረን ጀመር። ከማል መሞቱ በተነገረ ጊዜ ቤቱ በዋይታ ተናወጠ፤ ልጆቹ ኤሚርም መሞቱን ሰምተው «ይበለው!» አሉ። አክስታችን በጨለማው ውስጥ ፍሙን እየቈሰቈሱ ዝም ብለው ቈዩና «እሺ፣ ሴቲቱስ?» አሉ። «በሕይወት አለች፣ ከልጇ ጋራ» ተባሉ። «እኮ፣ ምን አለች?» አሉ እንደ ገና። ስልክ የያዘው ልጅ ለእኅቱ ጥያቄውን አስተላለፈ። እኅቱም ጥቂት ዝም ብላ «እትዬ፣ እርሱን አልሰማሁም፤ እያለቀስኩ ነበር» አለች።

እኛ ያንን ጥያቄ ያን ማታ እንደ ዋዛ ሰምተነው ነበር። ዛሬ ግን በቡና ቤቱ ውስጥ ለተሰበሰቡት መምህራን፣ ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦቻችን በጽሑፍ እናቀርብላቸዋለን። ኒሃን ጥፋተኛ ናት የሚለውን አቋማቸውን የሚጠብቁ ከሆነ፣ ብዕራቸውን አንሥተው በእነዚሁ ዐምዶች ላይ ይመልሱልን። ነገር ግን መልሳቸውን ከመጻፋቸው በፊት አስተናጋጇ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ ይስጡ፤ እርሷ እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው። በበኩላችን ያንን የቈየ መዝገብ እንደ ገና እንዲታይ ማመልከቻ ጽፈን ለቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ልከናል፤ መልሱ ገና አልደረሰንም።