«ትራፊክ አለ» ብሎ መብራት ማብራት ኸይር ሥራ አይደለም



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት፣ ሐሙሲትን አልፈን ወደ ወረታ ስንጠጋ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ያውቀዋል። ከፊት ትራፊክ ቆሟል፣ ራዳር ይዟል ማለት ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ በትራፊኩ አጠገብ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። ከዓይን እንደራቀ ደግሞ ይረግጠዋል። በተራውም ለሌላው መብራቱን ያበራለታል።

ብዙ ወጣት ሹፌር ይህችን ነገር እንደ ደግነት ይቆጥራታል። እኛ ግን በግልጽ እንላለን፦ ይህ በወንጀል መተባበር ነው። አላህ በሱረቱል ማኢዳ 2ኛው አንቀጽ በመልካም ሥራና በተቅዋ እንድንረዳዳ አዞናል፤ በኃጢአትና ወሰን በማለፍ መረዳዳትን ደግሞ ከልክሎናል። ወሰን ማለፍ የሚለውን ልብ በሉ። መብራት ያበራህለት ሰው ስንት ነፍስ እንደጫነ አታውቅም። ሌሊቱን ተኝቶ ይሁን ሲቅም አድሮ አታውቅም። ከፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ጆንያ የጫነ ጋሪ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ቢያገኝ በምን ፍጥነት እንደሚደርስበትም አታውቅም። አንተ የምታውቀው ከትራፊኩ እንዳዳንከው ብቻ ነው። ጋሪ ነጂውን ማን ያድነው?

«ሕጉ የመንግሥት ነው፣ ዲን አይደለም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ ምክር ቤት በአውሮፓውያኑ 1993 ብሩናይ ላይ ተሰብስቦ ይህንኑ ጉዳይ መርምሯል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን፣ ደንቡን በሚጥሱ ላይ የገንዘብ ቅጣት መጣልም ተገቢ መሆኑን ወስኗል። የቅጣት ወረቀት ሲጻፍብህ «ዙልም ነው» ከማለትህ በፊት ይህን አስብ።

ሁለተኛው መልስ «ትራፊኩ እኮ የሚቆመው ለኪሱ ነው» የሚል ነው። እጁን የሚዘረጋ እንዳለ አንክድም፤ እንደዚህ ያለውን የሚጠይቀው አካል ሊጠይቀው ይገባል። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የረገሙት ጉቦ ተቀባዩን ብቻ አይደለም፣ ሰጪውንም ነው። መንጃ ፈቃዱ ውስጥ ብር አጥፎ የሚያቀብለው ትራፊኩ አይደለም፤ አንተ ነህ። በልክ ነድተህ ያለ ጥፋትህ ገንዘብ ብትጠየቅ ግን ቀና ብለህ ትከራከራለህ፣ እኛም ከጎንህ እንቆማለን።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፣ ሁሉም ባዶ አይደሉም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ኖሯል፤ ሳይመሽ ልግባ የሚለውን ሹፌር እንረዳዋለን። የባጃጁ ልጅም ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት። እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ ባለንብረቶቹ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሰፍ ሶላት የሚቆም፣ ዘካ የሚያወጣ፣ ነገር ግን በልክ ተነድቶ የማይሞላ ገቢ ተምኖ «የራስህ ጉዳይ» የሚል ነጋዴ በመካከላችን አለ። ሐላል ገንዘብ ብሎ የሚቆጥረው ከዚያ ፍጥነት የመጣ ነው።

የፍጥነት ሒሳብ ደግሞ ምክንያት አይሰማም። ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓውያኑ 2016 አገራችን ያሳወቀችው የመንገድ ሟች ቁጥር 4,352 ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ያለ ነገር አይደለም። (የመጀመሪያው ስም እኛን ሙስሊሞችን ደስ አይለንም። ግን ስሙን ከመቃወም በፊት አይሱዙ የሚነዱ ልጆቻችንን መምከር ይቀድማል።) ከተማችን ባሕር ዳርም የብስክሌትና የእግረኛ ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊ የሆነው ለሞተር እሽቅድምድም ታስቦ አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዐረፋ ሲመለሱ ከኋላቸው የግመል ነጂዎች ጩኸትና የዱላ ድምፅ ሰምተው በአለንጋቸው እያመለከቱ ሰዉ እንዲረጋጋ እንዳዘዙ፣ በማስሮጥ ጽድቅ እንደማይገኝ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግቦታል። ሐጅ ላይ ያልተፈቀደ ጥድፊያ ተሳፋሪ ለመሻማት ይፈቀዳል?

በመጨረሻ የምናነሳው ከሁሉም የከበደውን ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ «ቀደር ነው» ይባላል። አዎ፣ ያለ አላህ ውሳኔ የሚሞት የለም። ነገር ግን ቀደር ሹፌሩን ነፃ የሚያወጣው ቢሆን ኖሮ አላህ በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ሙእሚንን በስህተት በገደለ ሰው ላይ ሁለት ዕዳ ለምን ጫነበት? አንዱ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈል ዲያ ነው። ቤተሰቡ ወዶ ሊምረው ይችላል፤ ለቅሶ ላይ እያለ በሽማግሌ ተጨናንቆ የሚፈርመው ወረቀት ግን ምሕረት አይባልም። ሁለተኛው ከፋራ ነው፤ ባርያ ነፃ ማውጣት ለማይችል፣ ማለትም ለዛሬ ሰው፣ ሁለት ወር ሳያቋርጡ መጾም። ይህን የሟች ቤተሰብ ሊምረው አይችልም፣ ሽማግሌም ሊያስቀረው አይችልም። ብዙ ዑለማእ እንደሚሉት ደግሞ ስሌቱ በእያንዳንዱ ነፍስ ነው፤ በጥፋቱ 12 ተሳፋሪ የጨረሰ ሹፌር 24 ወር ይጾማል። ይህ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው በገደለ ላይ ከሚጥለው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የተለየ ነው። እስር ቤት ገብቶ መውጣት ጾሙን አያወርድም።

ኢማሞቻችን በጁምዓ ኹጥባ ላይ ስለ ከፋራ ግድያ በስሙ ጠርተው እንዲያስተምሩ እንጠይቃለን። በመንገድ ላይ ሰው ገድሎ፣ ዲያውን ከፍሎ፣ ሁለቱን ወር የጾመ ሹፌር የሚያውቅ ካለ ደግሞ፣ ስም ሳይጠራ ይጻፍልን።