ስለ ሕፃናት የጣሳ ወተትና ስለ ካሳው መንገድ



በውርጌሳ ከሚኖሩ አንዲት እናት የተላከ ደብዳቤ በዚህ ወር ደርሶናል። ጡታቸው ወተት ስለ ነሣቸው ሕፃናቸውን የሚያሳድጉት ከሱቅ በሚገዛ የዱቄት ወተት ነው። ሕፃኑ ትውከትና ተቅማጥ ጸንቶበት መርሳ ወስደው አሳከሙት፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ተሻለው። ወዲያው ግን ያ ወተት ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዟል የሚል ወሬ ተሰማ። ባለሱቁ ጎረቤታቸው ነው። ሽማግሌ ልኮ የጣሳውን ዋጋና የመኪናውን ሒሳብ እንዲቀበሉ፣ «ከእንግዲህ ክስ የለኝም» ብለውም እንዲፈርሙለት ጠይቋቸዋል። «ልፈርምለትን?» ይሉናል።

መልሳችን አጭር ነው፤ እኅታችን ሆይ፣ በዚህ ቃል አይፈርሙ። ምክንያቱን ግን በሰፊው ልንገልጽ እንወዳለን፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ሽማግሌን ለመንቀፍ አይደለም። በወሎ ምድር ደም ያቃባ ጠብ እንኳ በሽማግሌ ፊት ይበርዳል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቍጥር 3312፣ ባለጉዳዮች በስምምነት የጨረሱት ነገር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል ይላል። ዛሬ የተፈረመ ወረቀት ነገ ዳኛ ፊት በሩን ይዘጋል ማለት ነው። የሕፃን ሕመም ደግሞ ፍጻሜው በአንድ ሳምንት አይታወቅም። ክሮኖባክተር የሚባለው ተሕዋስ በዱቄት ወተት ገብቶ የአንጎልን ሽፋን ሲያሳብጥ፣ የተረፈውን ሕፃን እንኳ ዕድሜ ልኩን ሊጎዳው ይችላል። መብቱም የሕፃኑ ነው፤ ወላጅ የሚፈርመው ስለ እርሱ ሆኖ ነው።

በቻይና የሆነውን ለምሳሌ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል በወተት ተጨምሮ ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ 300,000 ያህሉም ታመሙ፤ ብዙዎቹ በኵላሊታቸው ጠጠር ተገኘ። የወተት ድርጅቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ለሞተ ሕፃን 200,000 ዩዋን፣ በጽኑ ለታመመ 30,000፣ ቀለል ላለው 2,000 ዩዋን እንዲከፈል ሆነ። አብዛኞቹ ወላጆች ተቀበሉ። አይበቃንም ብለው ወደ ፍርድ ቤት የሄዱት ግን መዝገብ የሚከፍትላቸው ለማግኘት እጅግ ተንከራተቱ። ልጁ ታሞበት ለሌሎች ወላጆች የተሟገተ አንድ አባት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቍጥር 2085፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወትሮው ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደው አመለካከት ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ኀላፊነቱ ይቀራል። ስለዚህ ያበጠ፣ የተቀደደ ወይም ቀኑ ያለፈበት ጣሳ የገዛ ሰው ክሱ ይደክማል። በዱቄቱ ውስጥ ያለ ተሕዋስ ግን በዐይን አይታይም፤ በምላስም አይታወቅም። «እንደ ወትሮው» የሚለውም ቃል ሊታሰብበት ይገባል። ተከሳሹ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውሃው ፈልቶ ነበርን፣ ጡጦው ተቀቅሎ ነበርን እያለ ነው። የዱቄት ወተት ፍጹም ከተሕዋስ የጠራ ስላልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በማያንስ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከበረደ በኋላ ለሕፃኑ እንዲሰጥ ይመክራል።

ፋብሪካው በባሕር ማዶ ቢሆንስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813 ለዚህ ረድቷል፤ ሸማቹ አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሳ እንዲጠይቅ ፈቅዷልና። ነገር ግን ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚሸጥ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ጣሳ አስመጪው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሕጉም የሚይዘው ሰው ያጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በጣሳው ላይ የታተመው የምርት መለያ ቍጥር ነው፤ ነጋዴዎች ባች ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላክታሊስ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ወተት ሳልሞኔላ ተገኘበትና፣ ከ83 አገሮች ከ12 ሚሊዮን በላይ ጣሳ እንዲሰበሰብ ሆነ። በመጀመሪያ የተጠሩት ጥቂት ቍጥሮች ብቻ ነበሩ፤ ቈይቶ ክራኦን ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው ሁሉ ተጠራ። ከዚያም በኋላ በአንዳንድ ትልልቅ መደብሮች ሲሸጥ ተገኘ። ወላጆች ማኅበር አቋቁመው አቤት አሉ፤ ድርጅቱ በወንጀል መርማሪ ዳኛ ፊት ተጠርጣሪ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የጣሳ ወተት ቍጥር ያለው መሆኑ አንድ በጎ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተመረመሩ 110 የላም ወተት ናሙናዎች የአውሮፓን ወሰን ሳያልፉ የተገኙት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ መርዙ አፍላቶክሲን ሲሆን ዋናው ምንጩ የኑግ ፋጉሎ ነው። ከብዙ ላሞች በአንድነት ተቀድቶ የተሸጠውን ወተት ግን ማን በምን ቍጥር ይከሰዋል?

ጊዜውም አጭር ነው። ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ሲሰጥ ብቻ ይረዝማል። የሚጠየቀውም የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ የመንገዱና የቀረው ሥራ ዋጋ፣ ወደፊት የሚመጣውም ጉዳት ነው። ለልብ ኀዘን የሚከፈለውን ግን ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ወስኖታል። ይህ ገንዘብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናቶች ያውቃሉ፤ ሕግ አውጪዎች ይህን ቍጥር ሳይነኩት መቈየታቸው ያሳዝነናል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በቍጥር 467 መሠረት በድኽነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። በአንድ ወተት የተጎዱ ብዙ ቤቶችም በቍጥር 38 መሠረት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ከመካከላቸው ወኪል መርጠው ሊከሱ ይችላሉ።

እንግዲህ እኅታችን ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ወሬውን ያጣሩ፤ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ ቍጥር 8482 የጣሳውን ቍጥር ተቀብሎ ይመልሳል። ሕፃኑ ከታከመበት ቤት የሕክምና ማስረጃውን በማኅተም ይውሰዱ። ባለሱቁንም አይጥሉት። እርሱም ሳያውቅ ገዝቶ ሳያውቅ የሸጠ ሊሆን ይችላልና፣ ከገንዘቡ ይልቅ ከጅምላ ሻጩ የተቀበለውን ደረሰኝ ግልባጭ ይለምኑት፤ ከዚያው ካርቶን የቀረ ያልተከፈተ ጣሳ ቢኖርም እንዳይሸጠውና እንዳይጥለው ይንገሩት። ሽማግሌዎቹ ካልተዉ፣ ወረቀቱ እንዲህ ይባል፦ «የተቀበልሁት የወተቱን ዋጋና የመኪናውን ሒሳብ ብቻ ነው፤ ስለ ሕፃኑ ጤና ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።» ይህን ቢፈርሙ ጉርብትናውም አይፈርስም፤ መብቱም አይጠፋም።

በደብዳቤው መጨረሻ ባዶውን ጣሳ አጥበው የበርበሬ ማስቀመጫ እንዳደረጉት ጽፈውልናል። የታጠበ ጣሳ ለምርመራ አይሆንም፤ ቍጥሩ ግን አልታጠበምና በርበሬውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ከበታቹ ይመልከቱ።