ግብሩ ረክሶ እግራችን ተወደደ

ጎበዝ፣ ዛሬ ራሴን ልክሰስ። የቤቴ የጣራና ግድግዳ ግብር በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መነሻ ይሰላ በነበረበት ዘመን፣ የዓመቱ ክፍያዬ ከአንድ ወር የታክሲ ወጪዬ ያንስ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማታ ማታ ግን ሜክሲኮ ላይ ስሰለፍ፣ ወያላው መንገዱን ለሁለት ቆራርጦ እጥፍ ሲያስከፍለኝ፣ ያ "የተረፈኝ" ብር የት ሄደ? ኪሴ ውስጥማ የለም! ቤት የሌለው ተከራይ ጎረቤቴ ደግሞ የባሰበት ነው። የግብሩ ርካሽነት ሳይደርሰው ሰልፉ ደረሰው።

ባቡሩንም እናንሳ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ አጨበጨብን። ከግንባታው ወጪ 85 በመቶው ግን የቻይና ብድር ነው። ለመሆኑ በ2 ብር ቲኬት ዕዳ ይከፈላል? መለዋወጫስ ይገዛል? ይኸው ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ።

መስተዳድሩ በ2015 ዓ.ም. ግብሩን ቆለለው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። እኔ አልከፍልም አልልም። የምለው፣ ከኛ የተሰበሰበው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ አውቶቡስና መለዋወጫ የሆነው ስንት እንደሆነ በየዓመቱ በአደባባይ ይነገረን ነው። አለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

እስከዚያው ሰልፉ ላይ እንገናኝ!