ማንበብ የሚያስተምሩትን ማን ያስተምራቸው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ የምንቀባበላት አንዲት ቁጥር አለች። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ያው ሁሌም ፈተናውን፣ ተማሪውን፣ ቲክቶክን እንወቅሳለን። እኔ ግን ነገሩ የሚበላሸው በጣም ቀደም ብሎ፣ ልጁ ገና ፊደል ሲቆጥር ነው ባይ ነኝ።

ማስረጃው ከተሰጠን ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚፈተኑትም በዚያው መንገድ አልፈው የመጡ ልጆች ናቸው። የዓለም ባንክም ከኢትዮጵያ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ብሎ ይገምታል።

ሰንሰለቱን ወደ ላይ እንከተለው። ልጁን የሚያስተምረው መምህር ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወጣ። የኮሌጁ አሰልጣኝ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጣ። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው ማለት ነው። እሱስ በምን ተመረጠ?

የዩኒቨርሲቲ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው «አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ»፣ «ሥነ ልሳን»፣ «ሥርዓተ ትምህርት» በሚሉ መደቦች ላይ ነው። የማስተርስ ዲግሪ፣ ጥሩ ነጥብ፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት። «ለጀማሪ ልጆች ንባብ የማስተማር ዘዴ» ብሎ ራሱን የቻለ መደብ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። ቋንቋውን የተማረ ሰው ካለ ይበቃል የሚል ሐሳብ ሥር ሰዷል።

አይበቃም። ልቦለድ መተንተን አንድ ሙያ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ «ሰ»ን ከ«ለ» እንዲለይ ማድረግ ሌላ። የአማርኛ ተማሪ ከ230 በላይ ቅርጾችን መልመድ አለበት። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ የሚወጣው ልጅ ፊደሉን ከመሐል ነጥላችሁ ብትጠቁሙት ብዙ ጊዜ ይጠፋዋል፤ ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አልያዘውማ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ጽሑፉ ግን ሁለቱንም አይለይም። በቁቤ የሚማረው የአፋን ኦሮሞ ተማሪ በበኩሉ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉ ተደርቦ ያገኘዋል፤ የእሱ ፈተና ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቅና ለሌላ መምህር ማሳየት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ ነገሩን በሒሳብ ካላየሁት አይሆንልኝም። እንበል አንድ የንባብ ትምህርት መምህር በዓመት 60 እጩ መምህራንን በደንብ ያሰለጥናል። እያንዳንዳቸው 50 ልጆች ያሉት ክፍል ቢይዙ፣ ከአንድ ዓመት ሥራው 3,000 ልጆች ተጠቀሙ። የሚቀጥለው ዓመት ሌላ 3,000 ይጨመራል፤ የመጀመሪያዎቹ 60 መምህራንም ሥራቸውን አላቆሙም። ከአንድ ደመወዝ ይህን ያህል የሚመልስ ኢንቨስትመንት ካለ አሳዩኝ።

ስለዚህ ማስታወቂያው እንዲህ ቢወጣ እላለሁ። አንደኛ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ቅድሚያ ያግኝ። ሁለተኛ፣ ፈተናው በፕሬዘንቴሽን ብቻ አይለቅ፤ አመልካቹ አንድ ቀን እውነተኛ ክፍል ገብቶ ከልጆች ጋር ሲሠራ ይታይ። ሦስተኛ፣ እጩ መምህራኑ በሚያስተምሩበት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን። አራተኛ፣ ከተቀጠረ በኋላ ትምህርት ቤት እየሄደ የሚሠራው ሥራ ለደረጃ ዕድገት ይቆጠርለት። ዕድገቱ የሚመጣው ጆርናል ላይ በማሳተም ብቻ ከሆነ ጥሩ የተባለውም ሰው ክፍሉን ትቶ ወረቀቱን ይከተላል፤ ማንም ቢሆን የሚከፈልበትን ነው የሚሠራው።

«ፊደል ያስቆጠረ ሰው ማስተርስ ከየት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። ጎበዝ የ1ኛ ክፍል መምህርት ብዙ ጊዜ የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዛ ነው የምትቀረው። መልሱ መስፈርቱን መጣል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያሉ መምህራንን መልምሎ፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ አስተምሮ፣ ከዚያ ራሱ ይቅጠራቸው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ዛሬ ካልተጀመረ የዛሬ አምስት ዓመትም ይህንኑ እናወራለን።

እስከዚያው ደግሞ አንድ ዕድል አለ። በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁና መምህራን ሲሰለጥኑ ሥራውን በተግባር የተማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ገንዘቡ ሄደ፤ እውቀቱ ግን ከሰዎቹ ጋር እዚሁ ነው። ሌላ ሥራ ይዘው ሙያውን ሳይረሱት ዩኒቨርሲቲዎች ሊፈልጓቸው ይገባል። ንባብን ያህል ነገር በፕሮጀክት ዕድሜ መያዛችን ራሱ ስህተት ነበር። በዩኒቨርሲቲ በጀት ውስጥ የገባ ቋሚ መደብ ለጋሽ ሲሄድ አብሮ አይሄድም።

በሚቀጥለው ዓመትም ውጤት ሲወጣ ያችን ቁጥር መቀባበላችን አይቀርም። አብረን አንድ ጥያቄ ብንጨምርስ? በአካባቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ንባብ ማስተማርን ለማሰልጠን ብቻ የቀጠረው ስንት ሰው ነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ከፈተናው በፊት መነጋገር ያለብን ስለዚያ ክፍት መደብ ነው።