የማይሸመደድ ፈተና

እናንተዬ፣ ፈተና ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? የአምና ጥያቄ ኮፒ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽምደዳ፣ ጠዋት ወረቀቱ ላይ አራግፎ መውጣት። በሳምንቱ የቀረ ነገር ካለ ተአምር ነው።

እስቲ ሽምደዳ የማያድንበትን አንድ ፈተና ላስተዋውቃችሁ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የቦርድ ምስክርነት ለማግኘት ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት። በ1934 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ቦርድ መጀመሪያ እኛ የምናውቀውን ዓይነት የምርጫ ጥያቄ ይሰጠዋል። ሁለተኛው የቃል ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሐኪሙ ሥራ ይጀምራል። ቦርዱ በወሰናቸው ተከታታይ ወራት ያደረጋቸውን ኦፕራሲዮኖች በሙሉ ያስመዘግባል፤ ያማረውን ብቻ ሳይሆን ቁስሉ ያመረቀዘውንም፣ አጥንቱ አልገጥም ያለውንም። ቦርዱ ከዝርዝሩ 12 ታካሚዎች ይመርጣል። ሐኪሙም ራጁን፣ የካርድ ማስታወሻውንና የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን ይዞ ነባር ሐኪሞች ፊት ይቀርባል።

«ዶክተር፣ ያለ ኦፕራሲዮን መዳን አይችልም ነበር?» «ማመርቀዙን በስንተኛው ቀን አወቁ?» «ለታካሚው ምን ብለው ነገሩት?»

ለዚህ እንዴት ይጠናል? መጽሐፍ ይነበባል፣ ከጓደኛ ጋር እየተጠያየቁ መለማመድም አለ። ዋናው ዝግጅት ግን ያለቀው ታካሚው አልጋ አጠገብ ነው። ያን ቀን ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ምክንያት በፈተናው ዋዜማ አይፈጠርም።

ለነገሩ ተቃውሞ አያጣም። «ሐኪሙን ፈሪ ያደርገዋል፤ ከባድ ታካሚ ሲመጣ ዝርዝሬ እንዳይበላሽ ብሎ ለሌላ ይልከዋል» የሚል ክርክር አለ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ከዐቅሜ በላይ ነው ብሎ መላክ ብልህነት ነው። ለውጤት ብሎ መላክ ግን የፈተናውን ዋጋ ታካሚውን ማስከፈል ነው። ያም ሆኖ እግሬ ቢሰበር፣ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት «ለምን?» ተብሎ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሐኪም ይሻለኛል።

ምቀኝነት አትበሉኝና ይህ ፈተና ለሐኪም ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። እኔ የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው። አንድ ሰው ከጻፍኳቸው ውስጥ እሱ የመረጣቸውን 12 ዘገባዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህን ከማን ሰማሽ? ያኛውን ወገን ለምን አልጠየቅሽም?» ቢለኝ ዲግሪዬ ከዚያ ክፍል አያወጣኝም። መሐንዲሱስ በሠራቸው 12 ሕንፃዎች፣ መምህሩስ ባስተማራቸው 12 ተማሪዎች ቢጠየቅ?

ሽምደዳ የሚያሳልፈን የሰው ጥያቄ ሲሆን ነው። የራሳችን ሥራ ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ግን የአምና ኮፒ የለውም። እናንተስ፣ 12ቱን ሌላ ሰው ቢመርጥላችሁ ትደፍራላችሁ?