ደወሉ ሲጮህ እሳቱን የሚያጠፋ የለም

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ምሽት ከዱባይ ወደ ጀርመን ኮሎኝ የተነሳው የዩፒኤስ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን፣ ከተነሳ 22 ደቂቃ ገደማ እንደሆነው የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። በውስጡ የነበሩት ዋና አብራሪውና ረዳታቸው ብቻ ናቸው። ከኋላቸው ከ81 ሺህ በላይ የሊቲየም ባትሪዎችና ባትሪ የያዙ ዕቃዎች ተጭነዋል። የባህሬን የበረራ ተቆጣጣሪ ዶሃ 100 ማይል ላይ እንደሆነች ነገራቸው። ዋና አብራሪው ግን ከዚያ ወደምትርቀው ዱባይ መመለስን መረጡ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።

በእነዚያ ደቂቃዎች የሆነው ሲነበብ ይከብዳል። ጭሱ የአብራሪዎቹን ክፍል ሞልቶ መቆጣጠሪያዎቹን ከለለ። የዋና አብራሪው የኦክስጅን ጭምብል አየር መስጠት ሲያቆም፣ ተንቀሳቃሹን ጠርሙስ ፍለጋ ከወንበራቸው ተነሱ፤ አልተመለሱም። ረዳት አብራሪው ብቻቸውን ቀሩ። የሬዲዮውን ቁጥር ማየት ስላልቻሉ የዱባይን ሞገድ መቀየር አልሆነላቸውም። በአካባቢው ይበሩ የነበሩ ሌሎች አብራሪዎች ጥያቄያቸውን እየተቀበሉ ለተቆጣጣሪው፣ የተቆጣጣሪውን መልስ ደግሞ ለእሳቸው ያቀብሉ ነበር። አውሮፕላኑ የዱባይን ማኮብኮቢያ ከፍ ብሎና ፈጥኖ አለፈው፤ ከዚያም ናድ አል ሸባ አካባቢ ወደቀ።

ይህ አደጋ ሲነሳ ሁሌም የሚጠየቀው «ለምን ዶሃ አልሄዱም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ዶሃ ቢሄዱ ይተርፉ ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ እሳቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአውሮፕላኑን መቆጣጠሪያ ኬብሎች ጎድቷል። ጥያቄው እዚያ ላይ ከቆመ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በሁለት ሟቾች ላይ ተከምሮ ይቀራል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ደወሉ ሲጮህ በእጃቸው ምን ነበር የሚለው ነው።

መልሱ ብዙ ሰው አያምነውም። የጭነት አውሮፕላን ዋናው የጭነት ወለል ላይ የእሳት ማጥፊያ እንዲኖር ሕጉ አያስገድድም። የሚጠይቀው ጭስ ጠቋሚ፣ ወደ ጭነቱ የሚገባውን አየር መዝጊያና ጭሱ ወደ አብራሪዎቹ እንዳይገባ መከላከያ ነው። ስለዚህ አብራሪዎቹ ጭምብላቸውን ያጠልቃሉ፣ የአየር ማስገቢያውን ይዘጋሉ፣ የአውሮፕላኑን የአየር ግፊት ይለቃሉ፤ በዚያ 747 አሠራር መሠረት ደግሞ 25 ሺህ ጫማ ገደማ ላይ ይቆያሉ። ሐሳቡ እሳቱን ኦክስጅን አሳጥቶ ማዳከም ነው። ለካርቶንና ለጨርቅ ይሠራ ይሆናል። የሊቲየም ባትሪ ግን አንዴ መጋል ከጀመረ ሙቀቱን ራሱ ያመነጫል፣ ከውስጡም ኦክስጅን ይለቃል። አየር ቢነፍጉት ግድ የለውም።

ይኸው «እሳቱን አየር እናሳጣው» የሚል ሐሳብ በመንገደኞች አውሮፕላን የዕቃ ክፍልም ይሠራበት ነበር። በ1996 የቫሉጄት አውሮፕላን ፍሎሪዳ ውስጥ ተቃጥሎ ሲወድቅ 110 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በ1998 ሕጉን ቀይሮ ለእነዚህ ክፍሎች ጠቋሚና ማጥፊያ ግዴታ አደረገ። ለጭነት አውሮፕላኖች ግን አሮጌው ሐሳብ እንዳለ ቀረ። ልዩነቱን የፊዚክስ ሕግ አላመጣውም፤ የሟች ቁጥር ነው ያመጣው። የዚያችው አገር የአብራሪዎች የዕረፍት ሕግ በ2011 ሲሻሻል የጭነት አብራሪዎች በወጪ ምክንያት ከሕጉ ውጭ መደረጋቸውም ከዚህ ስሌት የራቀ አይደለም።

ማጥፊያ ከሌለ የቀረው ጊዜ ነው። ከስዊስኤር 111 አደጋ በኋላ የካናዳ መርማሪዎች ያለፉ የበረራ ላይ እሳቶችን ሲመረምሩ፣ ምልክቱ ከታየ አንስቶ አውሮፕላኑ እስኪወድቅ ወይም ተገድዶ እስኪያርፍ የነበረው ጊዜ ከ5 እስከ 35 ደቂቃ ሆኖ አገኙት። በ2011 የኤሲያና የጭነት አውሮፕላን ከደቡብ ኮሪያ ጄጁ ደሴት አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ፣ ሁለቱ አብራሪዎች እሳቱን ካሳወቁ ገና 20 ደቂቃ አልሞላም ነበር።

በ1996 የፌዴክስ በረራ 1406 ላይ የሆነው ከእነዚህ ይለያል። የጭስ መብራቱ ሲበራ ዋና አብራሪው አውሮፕላኑን ኒውዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ስቱዋርት አዙረው በ18 ደቂቃ ውስጥ አሳረፉት። መርማሪዎቹ ቼክሊስቱን በትክክል አልጨረሱም፣ የአየር ግፊቱንም በጊዜው አልለቀቁም ብለው ወቀሷቸው፤ ወቀሳውም እውነት ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተቃጥሎ አለቀ። በውስጡ የነበሩት አምስት ሰዎች ግን ሁሉም በሕይወት ወጡ። ቼክሊስት ይናቅ ለማለት አይደለም። ቼክሊስቱ አፍንጫው ወደ ቅርቡ ማረፊያ በዞረ አውሮፕላን ውስጥ ይነበብ፣ ለማለት ነው።

ይህን ለማለት ይቀላል፤ ለማድረግ ግን ከባድ ነው። ጭስ ጠቋሚዎች ያለ እሳት ይጮኻሉ። አቧራም እርጥበትም ያስጮኻቸዋል፤ አበባና አትክልት የሚጭን አውሮፕላን ደግሞ እርጥበት አያጣም። በከንቱ የጮኸ ደወል ያጋጠመው አብራሪ ቀጣዩን ሲሰማ «እስቲ እናጣራ» ቢል አይፈረድበትም። ጭነቱ ጋ ሄዶ የሚያይለት ሰው ስለሌለ ግን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በከንቱ ያረፈ አብራሪ የነዳጅና የመዘግየት ሂሳብ እንደማይጠየቅ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ይህ ደግሞ የአየር መንገድ አለቆች ሥራ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጁላይ 2020 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን ሻንጋይ ፑዶንግ ቆሞ ሳለ በእሳት ተያይዟል፤ ደግነቱ መሬት ላይ ስለነበር የተጎዳ ሰው የለም። ከቻይና ስልክና ፓወር ባንክ የሚያስጭን ነጋዴም የዚህ ታሪክ አካል ነው።

ዓለም ምንም አላደረገም ማለት ግን ሐሰት ነው። ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የሊቲየም አየን ባትሪ ለብቻው እንደ ጭነት በመንገደኞች አውሮፕላን እንዳይጫን ታግዷል፤ በጭነት አውሮፕላን የሚሄደውም ኃይሉ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ፌዴክስ የራሱን የማጥፊያ ዘዴ ሠርቷል። ዩፒኤስም ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብልና በጭስ ውስጥ ለማየት የሚረዳ መሣሪያ ገዝቷል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 በጭነት አውሮፕላን ውስጥ የእሳት ማጥፊያ ግዴታ እንዲሆን ጠይቆ ነበር። ግዴታ አልሆነም፤ የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ይተዋል።

የዱባዩ አደጋ መርማሪዎች ካገኟቸው ነገሮች አንዱ፣ ከተጫኑት የባትሪ ጭነቶች ቢያንስ ሦስቱ አደገኛ ዕቃ ተብለው መመዝገብ ሲገባቸው አለመመዝገባቸው ነው። ሁለቱ አብራሪዎች ያን ምሽት ሲነሱ፣ በወረቀታቸው ላይ አደገኛ ተብሎ የተጻፈ ጭነት አልነበረም።