ቢት መሥራት ድምፅ መቅረጽ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ላፕቶፕና ዩቲዩብ ያለው ወጣት በጥቂት ወራት ቢት መሥራት ይለምዳል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በመሀል አንድ ሙያ ተዘሏል፤ ሰው ሲዘፍን ድምፁን በወጉ መቅረጽ።

ጉዳቱ የሚታየው ጉዱማሌ ላይ ነው። በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን አባቶች ቄጣላ ሲጨፍሩ አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፣ እግር መሬቱን ይመታል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ድምፅ ግን በስልክ የተቀዳው ነው። ስልክ ደግሞ ጩኸት ሲበዛ ድምፁን በራሱ ይጫነዋል፤ ነፋስ ሲመታው ያጉረመርማል። አውጪው ይዋጣል። ዜማው ስቱዲዮ ሲገባ ደግሞ ተቀባዮቹ በኪቦርድ ይተካሉ፤ የመቶ ሰው ድምፅ የአንድ ጣት ሥራ ይሆናል።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቪዲዮ ፕሮግራሙን ያስተምራል። የተማሪውን ክፍል ግን አይሰማም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ክፍል ያስተጋባል፤ ከውድ ማይክሮፎን በፊት ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ ይቀድማል። ድምፁ ከዜሮ ዴሲቤል አልፎ ከተቆረጠ የትኛውም ሚክሲንግ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ሲቀዳ ጫፉ ‑12 አካባቢ ቢቆም ይሻላል። ማይክሮፎኑን አንድ ክንድ ማራቅ ወይም ማስጠጋት የሚያመጣውን ለውጥ የሚያስተምረው ደግሞ አብሮ የሚያዳምጥ መምህር ነው። የብዙ ዝነኛ አልበሞች አቀናባሪ ኤልያስ መልካም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ጆሮ በማሽን ብቻ አይሠራም።

ያሬድ ግን አዲስ አበባ ነው። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙያ ኮሌጆችና ስቱዲዮ ያላቸው የሚዲያ ተቋማት አሏት። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ስቱዲዮዎቹ ሥራ በማይበዛባቸው ሰዓቶች፣ ጥቂት ማይክሮፎኖችና አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ይዞ አጭር ሥልጠና መጀመር ይቻላል።

ሥልጠናው ሕጉንም ይጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቀራጩም መብት ይሰጣል። የአንድን አባት ድምፅ ቀድቶ መሸጥ ፈቃዱንና ድርሻውን መጠየቅ እንዳለበት ያልተማረ ወጣት፣ ሳያውቀው ዘራፊ ይሆናል።

የሠልጣኞቹ ፈተና በሚቀጥለው ፊቼ፣ ጉዱማሌ ላይ ይሁን፤ አውጪው ተለይቶ፣ ተቀባዩ ሳይዋጥ፣ የእግሩ ምት ሳይጠፋ ይቅረጹ። ቢት ነገም ይሠራል። ቄጣላውን ዛሬ የሚያወጡት አባቶች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ከእነሱ ጋር የሚሄደውን ድምፅ ማንም ፕሮግራም አይመልሰውም።